ማጅራት ገትርን በጠቋሚዎች መለየት፦ ላክቴትና ፕሮካልሲቶኒን የሚነግሩንና የማይነግሩን

በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት ራሱን እያመመው ሥራ የገባ ጎልማሳ ማታ ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል። ተረኛው ሐኪም በዚያች ሰዓት የሚያወጣው የሚያወርደው ብዙ ነው። የቫይረስ ሕመም ይሆን? ወባ ይሆን? የቲቢ ማጅራት ገትር ይሆን? ወይስ ባክቴሪያ በአንጎል ሽፋን ውስጥ እየተራባ ነው? የመጨረሻው ከሆነ ፀረ-ባክቴሪያው መድኃኒት ሕመምተኛው ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ መግባት ይኖርበታል። ባክቴሪያውን በስሙ ለይቶ የሚነግረን የካልቸር ምርመራ ግን ቢፈጥን አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል። ባዮማርከር የሚባሉት ጠቋሚዎች የሚፈለጉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ባዮማርከር በደም ወይም በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚለካና በሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚጠቁም ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጣቱን ወግቶ የሚለካው ስኳርም አንዱ ባዮማርከር ነው። የማጅራት ገትር ጠቋሚዎች አብዛኞቹ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ሰውነት ለባክቴሪያው የሰጠውን ምላሽ ነው። ይህን ልዩነት ከወዲሁ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጠቋሚዎቹ የሚረዱትም የሚያሳስቱትም በዚሁ ምክንያት ነውና። ከዚህ በታች ያለው ስለ አዋቂዎች ብቻ ነው። የሕፃናት ነገር ሌላ ስሌት አለው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም ምልክቱን አይቶ መለየት አይችልም ወይ? ሲባል እንደሰማነው ማጅራት ገትር የያዘው ሰው ያተኩሰዋል፣ አንገቱ ይገተራል፣ አእምሮው ይደነጋገራል። በ2004 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት የባክቴሪያ ማጅራት ገትር መሆናቸው በካልቸር የተረጋገጡ 696 የአዋቂ ሕመሞችን መርምሮ ነበር። ሦስቱም ምልክቶች አንድ ላይ የታዩት በ44 ከመቶዎቹ ብቻ ነው። ራስ ምታት አራተኛ ሆኖ ሲጨመር ግን 95 ከመቶዎቹ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ነበሯቸው። ስለዚህ ምልክቶቹ ለመጠርጠር በቂ ናቸው፤ ለመለየት ግን አይበቁም። ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱን በማጠፍና በመዘርጋት ወይም አንገቱን ወደ ደረቱ በማጠፍ የሚደረጉት የቆዩ ፍተሻዎችማ የባሱ ናቸው። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ማጅራት ገትር በተጠረጠረባቸው 297 አዋቂዎች ላይ ሞክሯቸው፣ በእርግጥ ከታመሙት መካከል ያገኙት ከመቶ አምስቱን ብቻ ነበር። በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም በጥንቃቄ ይጠናሉ።

እንግዲህ መልሱ ያለው በፈሳሹ ውስጥ ነው።

የጀርባው ውኃ

የአዋቂ ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ዙሪያውን የጀርባ ውኃ ወይም የጀርባ ፈሳሽ በሚባል፣ 150 ሚሊሊትር ገደማ በሚሆን ፈሳሽ ተከቧል። ሰውነት በቀን 500 ሚሊሊትር ያህል ስለሚያመነጭ ፈሳሹ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል። በጤናማ ሰው ንጹሕ ውኃ ይመስላል፤ በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ ያለው ነጭ የደም ሕዋስ ከአምስት አይበልጥም። ንጽሕናው ግን ድክመትም አለው። በደም ውስጥ ባክቴሪያን የሚያድኑት የመከላከያ ፕሮቲኖች እዚህ በጣም ጥቂት ናቸው። አንድ ጊዜ ሾልኮ የገባ ባክቴሪያ ለጊዜው የሚያስቆመው ሳያገኝ ይባዛል። ሰውነት ሲነቃ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ይጎርፋሉ፤ ደምንና አንጎልን የሚለየው ግድግዳ ይሳሳል፤ ፕሮቲን ከደም ወደ ፈሳሹ ያፈስሳል፤ አንጎል ያብጣል። ንጹሑ ፈሳሽ ይደፈርሳል። አንዳንዴ መርፌው እንደገባ የሚንጠባጠበውን አይቶ ብቻ ሐኪሙ ነገሩን ይረዳል።

ፈሳሹን ለመቅዳት ሕመምተኛው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። መርፌው የሚገባው ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። ህብለ ሰረሰር ራሱ የሚያበቃው ከዚያ በላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። «የጀርባ ውኃ ከተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» የሚለው ስጋት ብዙ ቤተሰብን ፈቃድ ከመስጠት ያግዳል። መርፌው በሚገባበት ቦታ ያለው የህብለ ሰረሰሩ ግንድ ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚወርዱ የነርቭ ክሮች ናቸው። ከምርመራው በኋላ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ደግሞ በአንጎል ውስጥ እብጠት ወይም መግል የያዘ ቋጠሮ ከተጠረጠረ ቀድሞ የራስ ሲቲ ስካን መነሳት ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ግን መድኃኒቱ ምስሉን አይጠብቅም።

ምርመራው ዕድሜ ጠገብ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ክዊንከ በ1891 መርፌውን በወገብ በኩል ማስገባት ሲጀምር የመጀመሪያ ሐሳቡ በአንጎል ላይ የበረታውን ግፊት ማስተንፈስ ነበር። ፈሳሹን መመርመርም ያኔውኑ ተጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1893፣ ሌላው ጀርመናዊ ሉድቪግ ሊክትሃይም በባክቴሪያና በቲቢ ማጅራት ገትር የፈሳሹ ስኳር እንደሚቀንስ አስተዋለ። ባዮማርከር የዘመናችን ግኝት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው፤ የማጅራት ገትር የመጀመሪያው ጠቋሚ ተራ ስኳር ነበር።

ዛሬም ቢሆን በየትኛውም ላቦራቶሪ የሚሠሩት የሕዋስ ቆጠራ፣ የፕሮቲንና የስኳር ልኬት ኃይላቸው ቀላል አይደለም። በ1989 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የ422 ሕመምተኞችን መዝገብ አገላብጦ የደረሰበት ውጤት እስካሁን ይጠቀሳል። የፈሳሹ ስኳር በዴሲሊትር ከ34 ሚሊግራም ካነሰ፣ ወይም ፕሮቲኑ ከ220 ሚሊግራም ከበለጠ፣ ወይም ነጭ የደም ሕዋሱ በማይክሮሊትር ከ2,000 ካለፈ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ቢገኝ ነገሩ የቫይረስ ሳይሆን የባክቴሪያ መሆኑ 99 ከመቶ እርግጥ ነው ይላል። ችግሩ ከእነዚህ መስመሮች ወዲህ የሚቀሩት ሕመምተኞች ናቸው። ስኳሩ 45፣ ፕሮቲኑ 120፣ ሕዋሱ 400 የሆነው ሰው ምን ይባል? ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የባክቴሪያ ሕመምተኞች ናቸው። ሌሎች ጠቋሚዎች የተፈለጉት ለእነዚህ ነው።

ስኳር ራሱ ሌላም ጣጣ አለው፤ ብቻውን አይነበብም። በጤናማ ሰው የፈሳሹ ስኳር ከደሙ ስኳር ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት የደማቸው ስኳር 400፣ የፈሳሹ ደግሞ 120 ሆኖ ተገኘ እንበል። ወረቀቱ ላይ 120 ቁጥሩ ዝቅ ያለ አይመስልም፤ ከፍ ያለ እንጂ። ለ400 ሲካፈል ግን 0.3 ነው፤ ከ0.4 በታች ስለሆነ በጣም አሳሳቢ ነው። ስለዚህ የጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ ከዚያ ቀደም ብሎ ወይም በዚያው ሰዓት የደም ስኳር መለካት አለበት። ይህ ቀላል ነገር በችኮላ ሲዘለል ውጤቱ ትርጉም ያጣል። መዘግየትም እንዲሁ ያበላሻል። ፈሳሹ በክፍል ሙቀት ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ የኒውትሮፊሎቹ ግማሽ ገደማ ፈራርሰው አይቆጠሩም። ሌሊት የተቀዳ ናሙና ጠዋት ሲመረመር «ሕዋስ ጥቂት ነው» ቢባል ሊያስገርም አይገባም።

ላክቴት

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ነገር ግን ተገቢውን ቦታ ያላገኘ የሚመስለኝ ጠቋሚ ላክቴት ነው። ሕዋስ ስኳርን አቃጥሎ ኃይል ለማግኘት ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ኦክስጅን ሲያጥር ስኳሩን እስከ መጨረሻው ማቃጠል ስለማይችል መንገድ ላይ ያቆመውና ላክቴት ያደርገዋል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚኮመጥጠው በዋናነት በዚሁ በላክቲክ አሲድ ነው። በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ጊዜ እብጠቱ የአንጎልን የደም ዝውውር ስለሚያውክ የአንጎል ሕዋሳት ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ የጎረፉት ኒውትሮፊሎችም ስኳሩን በዚሁ መንገድ ይፈጁታል። ስኳሩ የሚወርደውና ላክቴቱ የሚወጣው በአንድ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። በቫይረስ ማጅራት ገትር ይህ ሁሉ እምብዛም አይከሰትም።

ላክቴት በስኳር ላይ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። በደም ውስጥ ያለው ላክቴት ወደ ጀርባ ፈሳሽ እንደ ልብ አያልፍም። ሕመምተኛው ስኳር ኖረበት አልኖረበት፣ ደሙ ውስጥ ላክቴት ቢበዛም ባይበዛም፣ በፈሳሹ ውስጥ የተለካው ቁጥር የሚናገረው እዚያው አንጎል አካባቢ ስላለው ሁኔታ ነው። ከደም ጋር ማነጻጸር አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ መለያው መስመር በሊትር 3.5 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የባክቴሪያ ጥርጣሬ ይጠነክራል፣ በታች ከሆነ ይዳከማል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የጨመቀና በ2011 የታተመ ትንተና ላክቴት ከመቶ የባክቴሪያ ሕመምተኞች 93ቱን እንደሚይዝ፣ ከመቶ የቫይረስ ሕመምተኞች ደግሞ 96ቱን በትክክል «አይደለም» እንደሚል አሳይቷል። ከስኳርም፣ ከፕሮቲንም፣ ከሕዋስ ቆጠራም ለየብቻቸው ሲታዩ ይበልጣል።

የዚያው ትንተና ሌላኛው ቁጥር ግን ለእኛ አገር ሰው የበለጠ መነገር ያለበት ነው። የጀርባ ፈሳሻቸው ከመቀዳቱ በፊት ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በወሰዱ ሕመምተኞች ላይ ላክቴት የያዘው ከመቶ 49ኙን ብቻ ነበር። በኢትዮጵያ ትኩሳት የያዘው ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጡ ወይም በአቅራቢያው ክሊኒክ ሴፍትሪያክሶን መወጋቱ የተለመደ ነው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የተለካ ዝቅተኛ ላክቴት ማንንም ሊያረጋጋ አይገባም። በአንጎል ቀዶ ሕክምና፣ በስትሮክ ወይም በቆየ የሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ ጊዜም ላክቴት ያለ ባክቴሪያ ከፍ ይላል። ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ ለተጠረጠረ ማጅራት ገትር መስመሩ ወደ 4 ከፍ እንዲል የተመከረውም ስለዚህ ነው።

ከደም የሚለኩት

የጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ሁልጊዜ አይቻልም። የደም መርጋት ችግር ያለበት፣ አንጎሉ ክፉኛ ያበጠ፣ መርፌ የሚገባበት የወገብ ቆዳው የቆሰለ ሕመምተኛ አለ። ታዲያ ከክንድ ደም ተወስዶ የሚታወቅ ነገር ቢኖርስ?

ሲአርፒ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፕሮቲን የተገኘው በ1930 በኒውዮርክ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ነው። ሁለት ተመራማሪዎች የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ በኒሞኮከስ ባክቴሪያ ቅርፊት ላይ ያለን አንድ ንጥረ ነገር የሚይዝ ፕሮቲን አገኙ። የሚገርመው ያ ባክቴሪያ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የአዋቂዎች ማጅራት ገትር ዋና ምክንያት የሆነው መሆኑ ነው። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው። ሕመሙ ከጀመረ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት በኋላ መጨመር ይጀምራል፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግን ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ነው። ርካሽ ነው፤ በብዙ ቦታ ይገኛል። ችግሩ ለሁሉም ነገር ከፍ ማለቱ ነው፤ ለቁርጥማት፣ ለስብራት፣ ለሳንባ ምች፣ ለቀዶ ሕክምና። ስለዚህ ከፍ ያለ ሲአርፒ ብቻውን ምንም አይለይም። የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው። ከታመመ አንድ ቀን ያለፈው አዋቂ ሲአርፒው መደበኛ ከሆነ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር መሆኑ በጣም ያጠራጥራል። ሕመሙ ከሦስት ሰዓት በፊት ለጀመረው ሰው ግን ይህ አይሠራም፤ ጉበቱ ገና አልጀመረምና።

ፕሮካልሲቶኒን የተሻለ ታሪክ አለው። በመደበኛ ጊዜ የታይሮይድ ዕጢ የካልሲቶኒን ሆርሞን ለመሥራት የሚያዘጋጀው ጥሬ ፕሮቲን ሲሆን በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ነው። በ1993 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በከባድ የባክቴሪያ ሕመም ጊዜ መጠኑ በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ገለጡ። የታይሮይድ ዕጢው ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና በወጣለት ሕመምተኛም ላይ ጭምር ከፍ ብሎ ተገኘ። ለካስ ባክቴሪያ ሲበረታ ጉበትና ሌሎችም የሰውነት ክፍሎች ያመነጩታል። በቫይረስ ሕመም ጊዜ ደግሞ ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት የሚያወጣው ኢንተርፌሮን ጋማ የፕሮካልሲቶኒንን ምርት ያፍነዋል። ባክቴሪያን ከቫይረስ ለመለየት ተስፋ የተጣለበት በዚህ ባሕርዩ ነው። ፍጥነትም አለው፤ በሦስትና በስድስት ሰዓት መካከል መጨመሩ ይታወቃል። ሕመሙ በመድኃኒት ሲረታ ደግሞ በየቀኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለመከታተልም ይረዳል።

በ2015 የታተመ አንድ ትንተና በአዋቂዎች ላይ ብቻ የተሠሩ ዘጠኝ ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 725 ሕመምተኞችን ሰብስቦ ነበር። የደም ፕሮካልሲቶኒን ከመቶ የባክቴሪያ ሕመምተኞች 90ውን ያዘ፤ ባክቴሪያ ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ደግሞ 98ቱን በትክክል ለየ። ወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ቁጥር ነው። ሕመምተኛ አጠገብ ሲደርስ ግን ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ትንሽ መደመርና መቀነስ ያስፈልጋል።

የፈሳሻቸው ሕዋስ ጨምሮ የተገኘ መቶ ሰዎች አሉ እንበል፤ ግማሾቹ የባክቴሪያ፣ ግማሾቹ የቫይረስ ማጅራት ገትር አለባቸው። ፕሮካልሲቶኒን ከ50ዎቹ የባክቴሪያ ሕመምተኞች 45ቱን ይይዛል፤ ከ50ዎቹ የቫይረስ ሕመምተኞች በስሕተት ባክቴሪያ ነው የሚለው አንዱን ብቻ ነው። «ከፍ ብሏል» ከተባሉት 46 ሰዎች 45ቱ በእርግጥ የባክቴሪያ ሕመምተኞች ሆኑ ማለት ነው። ይህ ድንቅ ነው። «ዝቅተኛ ነው» የተባሉትን 54 ሰዎች ስናይ ግን አምስቱ ያመለጡት የባክቴሪያ ሕመምተኞች ናቸው፤ ከአሥር ሰው አንድ ገደማ። በኔዘርላንዱ ጥናት ታክመውም እንኳ 21 ከመቶ የሚሆኑት በሞቱበት በሽታ፣ ከአሥር አንዱን ያለ መድኃኒት ወደ ቤት የሚሸኝ ሐኪም ሊኖር አይገባም።

አሁን ደግሞ ያንኑ ምርመራ ራስ ምታትና ትኩሳት ላለበት ሰው ሁሉ እንዘዝ። ከ1,000 ሰዎች አሥሩ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር አለባቸው ብንል ዘጠኙ ይያዛሉ። ከቀሩት 990 ሰዎች ግን 2 ከመቶው፣ 20 ያህሉ፣ በስሕተት «ከፍ ብሏል» ይባላሉ። 29 ሰዎች ይደነግጣሉ፤ ዘጠኙ ብቻ እውነተኛ ናቸው። እውነቱ ከዚህም የባሰ ነው፤ 98 ከመቶ የሚለው ቁጥር በአብዛኛው የተገኘው ከቫይረስ ማጅራት ገትር ጋር በማነጻጸር ነውና። በድንገተኛ ክፍል ወረፋ ላይ ካሉት መካከል የሳንባ ምች ያለበት አለ፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን ያለበት አለ፤ የእነዚህ ፕሮካልሲቶኒን ከፍ የሚለው በስሕተት ሳይሆን በሚገባ ነው። ምርመራው አንድ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው እርግጠኝነት የሚለያየው በተጠየቀው ሰው ምክንያት ነው። ሐኪሙ ከምርመራው በፊት የነበረው ጥርጣሬ ከውጤቱ እኩል ይመዝናል።

የሚያሳስቱ ሕመሞች

በአውሮፓ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ሁለት ወገኖችን ያነጻጽራል፤ ባክቴሪያና ቫይረስ። በጋምቤላ ወይም በመተማ ያለ ሐኪም ግን አራትና አምስት ወገን ነው ያለበት። በፋልሲፓረም ወባ የታመመ ሰው ፕሮካልሲቶኒኑም ሲአርፒውም ያለ ምንም ባክቴሪያ ይወጣሉ። አእምሮውን የሳተ የወባ ሕመምተኛ በደም ጠቋሚ ብቻ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር አለበት ሊባል ይችላል፤ ወባ ደሙ ላይ በመታየቱ ማጅራት ገትሩ ሊዘነጋም ይችላል። ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

የቲቢ ማጅራት ገትር ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። የፈሳሹ ስኳር ይወርዳል፣ ፕሮቲኑና ላክቴቱ ይወጣሉ፤ ፕሮካልሲቶኒን ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ፈሳሹ «ባክቴሪያ» እያለ ደሙ «አይደለም» ሲል ቲቢን ማሰብ ብልህነት ነው። የኤችአይቪ ሕመም በበረታባቸው ሰዎች ላይ የሚመጣው የክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ግን የራሱ ጠቋሚ አለው። የፈንገሱን ቅርፊት ንጥረ ነገር በደምም በጀርባ ፈሳሽም ውስጥ የሚያገኝ፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ በመስመር የሚያሳይ ወረቀት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ይህኛው የሰውነትን ምላሽ ሳይሆን ተሕዋሲውን ራሱን ስለሚይዝ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ አስተማማኝነት አለው። ኢንፌክሽኑ በአንጎል ውስጥ ብቻ ታጥሮ ሲቀር፣ ለምሳሌ መግል ሲቋጥር፣ የደም ፕሮካልሲቶኒን ጭራሽ ሳይንቀሳቀስ ሊቀር እንደሚችልም መታወቅ አለበት።

ታዲያ ለምን ይጠቅማሉ?

የመጀመሪያውን መድኃኒት ለመስጠት ማንም ጠቋሚ አይጠበቅም። ጥርጣሬው ካለ ደም ለካልቸር ይወሰዳል፣ የጀርባ ፈሳሽ ወዲያው የሚቀዳ ከሆነ ይቀዳል፣ ካልሆነ እሱ ሳይጠበቅ ሴፍትሪያክሶኑ ይገባል። ፈሳሹ በኋላም ሊቀዳ ይችላል። በሕፃናት ላይ የተሠራ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሜኒንጎኮከስ የተባለው ሌላው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከፈሳሹ እንደሚጠፋ፣ ኒሞኮከስ ደግሞ ከአራት ሰዓት ጀምሮ መጥፋት እንደሚጀምር አሳይቷል። ካልቸሩ ባዶ ቢወጣም የሕዋሱ ብዛትና ፕሮቲኑ በአንድ ቀን አይስተካከሉም፤ አሻራው ይቆያል።

የጠቋሚዎቹ እውነተኛ ጥቅም በማግስቱ ነው። ሕመምተኛው እየተሻለው ነው፣ የግራም ቀለም ምርመራ ባክቴሪያ አላሳየም፣ ካልቸሩ ከ48 ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፣ መድኃኒት ቀድሞ አልወሰደም፣ የፈሳሹ ላክቴት 2 ነው፣ ፕሮካልሲቶኒኑ ከ0.5 ናኖግራም በታች ሆኖ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲቆሙ ሐኪሙ «የቫይረስ ነበር» ብሎ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ድፍረት ያገኛል። ጠቋሚ ከሌለ ያው ሰው አሥርና አሥራ አራት ቀን በመርፌ ይታከማል፤ አልጋ ይይዛል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለማመዱታል።

ይህ በኢትዮጵያ ሥጋት ብቻ ሳይሆን በተግባር የታየ ነው። በአገራችን ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ስም የሚታከሙት አብዛኞቹ አዋቂዎች ሕመማቸው በላቦራቶሪ ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ብዙዎቹም ዴክሳሜታዞን እንደሚሰጣቸው አሳይቷል። ዴክሳሜታዞን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። በ2002 በታተመ የአውሮፓ ጥናት የሞቱትን ቁጥር ከ15 ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አድርጓል። በማላዊ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ በ2007 ሲታተም ግን ምንም ጥቅም አልታየበትም፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ኤችአይቪ ነበረባቸው። ምን እንደሚታከም ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ጥቅሙም ጉዳቱም አይታወቅም።

አገራችን ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነች። በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጥቅተዋል። በ2013 እና በ2015 መካከል በዘመቻ የተሰጠው ሜንአፍሪቫክ ክትባት ሜኒንጎኮከስ ኤ የተባለውን የወረርሽኙን ዋና ተዋናይ አዳክሞታል። ኒሞኮከስና ሌሎቹ የሜኒንጎኮከስ ዓይነቶች ግን አሉ፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ በወረርሽኝ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በየድንገተኛ ክፍሉ ነው የሚመጡት።

ወደፊት የሚጠበቁ አሉ። ከኒውትሮፊል የሚወጣውና ሄፓሪን ያዥ የሚባለው ፕሮቲን በስዊድን በ2011 በታተመ ጥናት በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ሲለካ የባክቴሪያ ሕመምተኞችን ሁሉ ለይቷል፤ የተመረመሩት ግን ጥቂት ስለነበሩ በሰፊው መፈተሽ አለበት። ኢንተርሉኪን 6 የተባለውም ይጠናል። በሌላ በኩል የአሥራ አራት ተሕዋስያንን የዘር ቅንጣት በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሚፈልግ ማሽን በ2015 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። እርሱ ጠቋሚ አይደለም፤ ወንጀለኛውን በስሙ ይጠራል። ዋጋው ግን ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ እንኳ ለአብዛኛው ሆስፒታላችን የሚቀመስ አይደለም።

ለዞን ሆስፒታል የሚሆነው ከዚህ ይልቅ የተናቁት ነገሮች ናቸው። ለሽንት የተሠራው ባለ ብዙ ቀለም የመመርመሪያ ወረቀት በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ነጭ የደም ሕዋስን፣ ስኳርንና ፕሮቲንን በግምት ያሳያል፤ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ሌሊት ይህ ትንሽ አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙባት የጣት መለኪያም በጀርባ ፈሳሽ ላይ ተሞክራ ከደም ስኳር ጋር ያለውን ሬሾ በአልጋው አጠገብ በደቂቃ ለማወቅ እንደምታስችል ታይቷል። ቤተሰብም የሚያዋጣው አንድ ጠቋሚ አለ፤ ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመምጣቱ በፊት ምን እንደዋጠ፣ ምን እንደተወጋ፣ በስንት ሰዓት። ባዶውን የኪኒን ማሸጊያ ይዞ የመጣ ወንድም ወይም እኅት፣ ዝቅተኛው ላክቴት የሚታመን መሆን አለመሆኑን የሚወስነውን መረጃ ይዞ መጥቷል።